ኦርቪል ኮምፕሬሰር የገዛ ዕለት

ዋሽቼ ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው፤ ጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር በእግሩ ሄዷል። ማንም አልተሸከመውም፣ ማንም አልጎተተውም፣ ያየውም ሰው አንዱም አልሰከረም ነበር። ሜሳ ከተማ፣ አሪዞና ውስጥ፣ ውሸት ለመፍጠር እንኳን አቅም ያጡ ሽማግሌዎች ወንበር ዘርግተው ቁጭ ብለው በዓይናቸው በብረቱ አይተውታል። "ይሄ ሰውዬ ዛሬም ጀመረው" የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን የሆነውን እንደሆነ ነው የማወራው፤ ለማውራት ደግሞ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል መነሳት አለብኝ።

በዚያን ጠዋት ኦርቪል ሃካቢ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የገባው የሚስቱን የዶሪንን ፎጣዎች ከማድረቂያው ሊያወጣ ነበር። የዚያ ክፍል ግድግዳ ስስ ነው፤ ከወዲያ በኩል የመንደሩ ኮሚቴ የሚሰበሰብበት ክፍል አለ፣ እዚያ ያስነጠሰን ሰው እዚህ ሆኖ ይማርህ ማለት ይቻላል። ማድረቂያው መዞሩን ሲያቆም የሚስቱን ወንድም የላይልን ድምፅ ሰማ። "ደንብ ደንብ ነው፣ ግዌን" ይላል ላይል። "ከዐሥር ዓመት በላይ የሆነው ቤት ከመንደሩ ይውጣ ብለን እጃችንን አንስተናል፤ እኔም አንስቻለሁ። ለእህቴ ብዬ ደንብ ብጠመዝዝ ነገ ሰው ምን ይለኛል?" ግዌን የመንደሩ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ድምፅዋ ሁልጊዜ ወረፋ እንደሚያስጠብቅ ሰው ድምፅ ነው። "መብራታቸውን ዛሬ ጠዋት ቆርጫለሁ" አለች። "ጸሐይ ከመጥለቋ በፊት በራሱ ጎማ ተንከባሎ ካልወጣ ጎታች መኪና ጠርቼ አስወጣዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከጎታቹ ግቢ የሚያስለቅቁት ራሳቸው ናቸው።" ላይል ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ምን ይደረጋል" አለ። ፎጣው ኦርቪል እጅ ላይ ገና ትኩስ ነበር። አጣጥፎ መያዝ ሲገባው እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎት ወጣ።

እንደ መንደሩ ሰው ሁሉ ኦርቪልና ዶሪንም ቤት የሚሉት ሞተር ያለው ነገር ነው፤ አውቶቡስ ያህላል፣ ከመሪው ጀርባ ሶፋ፣ ከሶፋው ጀርባ ምድጃ፣ ከምድጃው ጀርባ አልጋ አለው። ሌላ ቤት የላቸውም። ኦሃዮ የነበረውን ሸጠው የገዙት ይኸንኑ ነው፤ ያኔ ሰው ቆሞ ያየው ነበር፣ አሁን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ቀለሙ እንደ አሮጌ ሻይ ጠይሟል። የላይል ቤት ከጎኑ ነው የቆመው፤ ትልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ከበሩ ፊት ሸራ ጥላና አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ተዘርግቷል። በሁለቱ መካከል ነጭ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ኦርቪልና ላይል ከምስጋና በዓል ግብዣ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ጠብ እንኳን አይባልም። ላይል የበዓሉን ተርኪ ዶሮ እየቆረጠ ስለ አዲሱ ደንብ ሲያወራ "አንዳንድ ሰው ቤቱ ሲያረጅበት ደንብ ይጠላል" አለ፤ ኦርቪል ሹካውን አስቀምጦ ተነሣ፤ አበቃ። ከዚያ በኋላ ዶሪን ብቻ በነጩ ድንጋይ ላይ ሳህን ታሻግራለች፣ ባዶ ሳህን ትቀበላለች። ሁለቱ ወንዶች ጠዋት ጠዋት ቆሻሻ ሲያወጡ ይተያዩና አንዱ ሰማይ ያያል፣ ሌላው ጠጠር።

መሄጃ አልጠፋም ነበር። አፓቼ ጀንክሽን ውስጥ አሮጌ ቤት የሚቀበል መንደር ዶሪን በስልክ አግኝታለች፤ ቦታውን የሚይዙላቸው እስከዛሬ ማታ ብቻ ነው፣ መንገዱም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ችግሩ ጎማው ነው። ቤቱ ስድስት ጎማ አለው፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት፣ እያንዳንዱ የጎልማሳ ወገብ የሚደርስ። የአየር ግፊታቸው ቁጥር ዘጠና አምስት መሆን አለበት። ኦርቪል በመለኪያው አንድ በአንድ ሲለካቸው ከአርባ ከፍ ያለ አላገኘም፤ ሁለት ክረምት ቆመው አየራቸው አልቋል፣ ሆዳቸው ጠጠሩ ላይ ተዘርግቷል። በዚህ ጎማ ያን ሁሉ ክብደት ይዞ መንገድ የወጣ ሰው ጎማው ይፈነዳበትና ከነሶፋው መንገድ ዳር ይተኛል። ነዳጅ ማደያ ሄዶ እንዳያስነፋ፣ ማደያው ለመድረስ መንዳት አለ፤ የማደያው ቱቦም ለትንሽ መኪና ነው። ቤት ድረስ የሚመጣውን ጎሚስታ ደወለለት። ሰውየው "ነገ ከሰዓት" አለና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት።

"ላይል ኮምፕሬሰር አለው" አለች ዶሪን። ምድጃው ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ለጉዞ በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር። "ከመስኮቱ ይታያል። ቀዩ።"

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"የራሴን እገዛለሁ።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል የሰማውን አልነገራትም። ዶሪን ድስቱን ለሁለተኛ ጊዜ በጋዜጣ ጠቀለለችው፤ አስቀድማ መጠቅለሏን ልብ አላለችም ነበር። ኦርቪል ከቤቱ ኋላ እየተሳበች የምትጓዘውን ትንሿን መኪና አስነሥቶ ወጣ።

መደብሩ ውስጥ ኮምፕሬሰር የሚሸጥበት መተላለፊያ እንደ ቤተ መጻሕፍት ረጅም ነው። ሰው የጎማ አየር ለመንፋት ይህን ያህል ዓይነት ያስፈልገዋል ብሎ ማን አሰበ? ጫማ ሳጥን የሚያህል አለ፤ በርሜል ያዘለ አለ፤ መብራት ያለው፣ ስክሪን ያለው፣ ከስልክ ጋር የሚነጋገር አለ። አንዱ ሃያ አምስት ዶላር፣ ከጎኑ ያለው ሁለት መቶ ሰማንያ፤ ሁለቱም ካርቶን ላይ ደግሞ ያው መቶ ሃምሳ የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ኦርቪል ካርቶን እያነሣ ሲያነብ፣ እያነበበም ሲናደድ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ ሜርልና ስታን ብቅ አሉ። ሁለቱም የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መደብር መጥተው ምንም ሳይገዙ መሄድ ሥራቸው ነው። በዚያ መንደር ወንድ ልጅ የሚለካው በኮምፕሬሰሩ ስለሆነ ኦርቪል በዚያ መተላለፊያ መገኘቱ ራሱ መራቆት ነበር።

"በርሜል የሌለውን እንዳትነካ" አለ ሜርል ሰላም ሳይል። "የኔዋ በርሜል አላት። የኔዋ የሞተ በሬ ብትነፋ ተነሥቶ ሣር ይግጣል።"

"አትስማው" አለ ስታን። "እሱ ባለፈው ዓመት የራሱን ጎማ ሲነፋ እንቅልፍ ወስዶት ቤቱ ከመሬት ተነሥቶ ነበር፤ ሚስቱ ናት በመሰላል የወረደችው። አንተ የሚያስፈልግህ ባትሪ ላይ የሚቆነጥጥ ነው፣ ኦርቪል። ሽቦውን በቀጥታ ባትሪው ላይ ቆንጥጠህ፣ በቃ።"

"ባትሪህን ይጨርስልሃል!"

"አንተን ይጨርስህ!"

"የላይልን አይተህ የለ?" አለ ሜርል ወደ ኦርቪል ዞሮ። "ቀዩን? እሱን መጠየቅ ነው እንጂ ለአንድ ቀን ብለህ ገንዘብ ከምታፈስ። አማችህ አይደለም እንዴ?" ስታን በክርኑ ጎሸም አደረገው፤ ሜርል ዞሮ ካርቶን ማንበብ ጀመረ። እንግዲህ መኳረፋቸውን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው። ኦርቪል ከእጁ በታች ያለችውን የመጀመሪያዋን ካርቶን አነሣ። ትንሽ፣ ብርቱካናማ፣ መብራት ያላት፣ ስልሳ ዶላር። ሻጩ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ጎልማሳ፣ "ጥሩ ምርጫ ነው ጌታዬ" አለው፤ ሃያ አምስቱንም ቢያነሣ ያንኑ ይለው ነበር። "ለቤቴ ጎማ ይሆናል? ዘጠና አምስት ይደርሳል?" ሲለው ሻጩ ካርቶኑን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "መቶ ሃምሳ ይላል እኮ።" ኦርቪል ያንን ቁጥር አመነ። እሱን የመሰለ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ይሄ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ማሽኑ የብስክሌት ጎማ ሲነፋ የሚደርስበት ነው እንጂ አውቶቡስ ሲሸከም አይደለም።

ቤት ደርሶ ትንሿን ብርቱካን በመሪው አጠገብ ባለው የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ ሰካት። ጢስ አለች፣ ሬዲዮው ጠፋ፤ ፊውዙ ተቃጠለ። ፊውዝ ቀየረ። አሁን ተነሣች፤ እንደ ተናደደች ንብ እየጮኸች ከፊት ያለውን የግራ ጎማ ትነፋ ጀመር፣ በስክሪኗ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት። ኦርቪል ጠጠሩ ላይ ተንበርክኮ እንደ ሐኪም ይመለከታታል። ሃምሳ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ማለት ጩኸቷ አልቆመም፣ ቁጥሩ ቆመ። ትጮኻለች፣ ሃምሳ። ትጮኻለች፣ ሃምሳ። ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ የቱቦዋ ጫፍ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ወደቀ፣ የመጨረሻ ሥራዋም መብራቷን ማብራት ሆነ፣ በቀን። ከነጩ ድንጋይ ወዲያ ላይል ሸራው ሥር ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ቀና አላለም። አንድ ገጽ ገለጠ ብቻ፤ ቀስ ብሎ፣ በደንብ እያሰማ።

ዶሪን በመስኮቱ ብቅ አለች። "ኦርቪል።"

"ዝም በይ።"

"ምንም አላልኩም።"

"እሱ ነው የሚያናድደኝ!"

የመደብሩ የመመለሻ ወረፋ ከመግዣው ወረፋ ይረዝማል። ሰዉ ሁሉ የተሰበረ ነገር አቅፎ ቆሟል። ኦርቪል ተራው ሲደርስ ሴትየዋ ቀና ሳትል "ምን ሆነ?" አለችው። "ሞተ" አለ። "ለሞቱ ምክንያት የሆነው ነገር?" "ጎማ ነፋ።" ሴትየዋ የሆነ ነገር ጻፈች። ብሩን ተቀብሎ ወደዚያው መተላለፊያ ተመለሰ፤ አሁን ሜርል እንዳለው በርሜል ያለውን አነሣ፣ ከብዶት ጋሪ ላይ ጫነው፣ ገፍቶም እስከ መክፈያው ድረስ ሄደ። እዚያ ቆሞ ገመዱን አየ። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነው። የእነሱ መብራት ጠዋት ተቆርጧል፤ የቤቱ ጄነሬተር ከሞተ ቆይቷል፤ በአቅራቢያው መብራት ያለው መሰኪያ የላይል ብቻ ነው። ከኋላው ያለችው ሴት "ጌታዬ፣ ይራመዳሉ ወይስ እዚሁ ይኖራሉ?" አለችው። ኦርቪል ጋሪውን ከነኮምፕሬሰሩ እዚያው ትቶ ወጣ። ከበሩ ውጭ ቆሞ ጸሐይዋን ተመለከተ፤ ራሱ ላይ የነበረችው አሁን ትከሻው ላይ ናት።

ዋናው ጎዳና ላይ ሰው የቸገረው ዕቃውን አስይዞ የሚበደርበት ሱቅ አለ፤ ሳይመለስ የቀረውን ዕቃ ይሸጡታል። ከጊታሮቹና ከሠርግ ቀለበቶቹ በስተጀርባ፣ መሬት ላይ፣ አንድ አውሬ ኮምፕሬሰር ቁጭ ብሏል። ጥቁር፣ ድርብ ሲሊንደር፣ እንደ በሬ ሳንባ የሰፋ፣ ከባትሪ ጋር የሚቆነጠጥ ወፋፍራም ሽቦና ጠንካራ ቱቦ ያለው። ከመስታወቱ ጀርባ ፀጉሯን ቢጫ የቀባች ሴትዮ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

"የማን ነበር?" አለ ኦርቪል።

"በረሃ ለበረሃ የሚዞር ሰው ነበረው፣ የኔ ማር። ሚስቱ 'ወይ እሱን ወይ እኔን' አለችው፤ ጩኸቱ አስጠልቷት።"

"እና?"

"እንግዲህ እሱ እዚህ አለ፤ እሷ የለችም።"

ኦርቪል ገልብጦ አየው። "ከሥሩ የሚያርፍባቸው የላስቲክ እግሮች የሉትም።"

"ምን ያደርጉለታል? ሊሄድ ነው እንዴ?"

ዘጠና ዶላር አለችው። ሰማንያ አላት። ጥፍሯን ሞረደች። ዘጠና ከፈለ። እቅፍ አድርጎት ሲወጣ፣ ያ ብረት ሆዱ ላይ ተደግፎ፣ ጠዋት ከሰማው ነገር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ እስከ ታች ወረደለት።

አሁን በደንብ አዳምጡኝ፤ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚጠራጠረኝ። ኦርቪል ሽቦውን ከፊት ያለው ባትሪ ላይ ቆንጥጦ አውሬውን አስነሣው። የጩኸቱን ነገር ተዉት። በዚያ ጎዳና ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሁሉ ለብቻው ማኘክ ጀመረ፤ የጎረቤት ቺዋዋ ውሻ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጸሎት ላይ ያለ ይመስል ነበር። ግን ነፋ! የፊት ግራው ስልሳ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና አምስት። የፊት ቀኙም። ቤቱ ከፊት በኩል ቀና አለ፣ አፍንጫውን ያነሣ መሰለ። ኦርቪል ሳያስበው ሳቀ። የኋለኞቹ ጎማዎች ከባትሪው ሩቅ ስለሆኑ መኪና የሚያስነሡበትን ረጅም ገመድ አውጥቶ ሽቦው ላይ ቀጠለበትና አውሬውን ወደ ኋላ ወሰደው፤ የውጪዎቹን ሁለት ነፋ። ቀሩ የውስጦቹ። የእነሱን አፍ ለማግኘት ሰው ከቤቱ ሥር በጀርባው ገብቶ፣ እጁን በሁለት ጎማ መካከል ሰዶ፣ ቱቦውን በጣቱ ጫን አድርጎ መያዝ አለበት፤ ሌላ ሰው መለኪያውን ቢያነብለት ጥሩ ነው። ኦርቪል ሌላ ሰው አልነበረውም። ብቻውን ገባ።

በዚህ ጊዜ ሜርልና ስታን ተጣጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ጎዳናው ማዶ ደርሰዋል። እነሱ ብቻም አይደሉ፤ ጎታች መኪና ይመጣል ተብሎ ስለተወራ ግማሹ መንደር ወጥቷል፣ አንዳንዱ ቢራ ይዟል። እናም አውሬው፣ እግር የሌለው፣ በገዛ ጩኸቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ጠጠሩ ላይ መንሸራተት ጀመረ። መጀመሪያ ጣት ታህል። ከዚያ ጫማ ታህል። ቦታው ወደ ላይል ቤት ትንሽ ያዘቀዝቃል። ቀጥ ብሎ ሄደ እላችኋለሁ! ነጩ ድንጋይ ጋ ደርሶ ቆመ፤ አሰበ ማለት ይቻላል፤ ተንቀጠቀጠ፣ ዘወር አለ፣ በሁለት ድንጋይ መካከል በጎኑ አለፈ። ሙሽራ ስታልፍ እንደሚሆነው ተመልካቹ ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። ኦርቪል ከሥር ሆኖ ድምፁ ሲርቅ ይሰማዋል፤ ጆሮዬ ነው አለ። ቱቦው ከእጁ ሲመነጨቅ ነው የገባው። አውሬው የፕላስቲኩን ሣር አቋርጦ ላይል ከተቀመጠበት ደረሰ፣ ነጠላ ጫማውን ነካ፤ በዚያው ቅጽበት ገመዱ ተወጥሮ ከባትሪው ላይ ተነቀለ፣ ብልጭ አለ፣ ጸጥ።

ኦርቪል አቧራ ለብሶ ከሥር ወጣ። ላይል ጋዜጣውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ኦርቪል" አለ። ከምስጋና በዓል ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

"አቤት።"

"ንብረትህ ድንበር ጥሷል።"

"ልወስደው ነው የመጣሁት።"

"ጎረቤት ቦታ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ በደንቡ ክልክል ነው።"

"አንተ ነህ ያወጣኸው?"

"ኮሚቴው ነው።"

"ጠዋት ሰምቼሃለሁ፣ ላይል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበርኩ።"

ላይል ጉልበቱ ላይ ያለውን ጋዜጣ አቃና። ኦርቪል ጎንበስ ብሎ አውሬውን ሲያነሣ እጁን ፈጀው፣ ጣለው። "ይፋጃል" አለ ላይል። "አሁን ነው የምትነግረኝ?" በሸሚዙ ጫፍ ይዞ ወስዶ እንደገና ቆነጠጠው። ምንም። ደግሞ ቆነጠጠ። አውሬው ከእንግዲህ አይናገርም። ኦርቪል ሁለት ያልተነፉ ጎማዎች፣ አንድ የሞተ ኮምፕሬሰርና እስከ ጣራዎቹ ጠርዝ የወረደች ጸሐይ ይዞ ቀረ። ከመንደሩ በር ላይ የጎታቹ መኪና ቢጫ መብራት እየዞረ ታየ፤ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሳንድዊቹን ፈታ።

"ስንት ቀረህ?" አለ ላይል ከወንበሩ።

"የውስጦቹ። ሁለቱ።"

ከላይል ወንበር ጀርባ ቀዩ ኮምፕሬሰር መሰኪያው ላይ ተሰክቶ ቆሟል፣ ቱቦው ተጠምጥሞ። ኦርቪል አየው። ላይልም ዘወር ብሎ አየው። ላይል ጠይቀኝ ብሎ ይጠብቃል፤ ኦርቪል ውሰደው በለኝ ብሎ ይጠብቃል። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ቀይ ብረት ላይ አፍጥጠው ጸሐይ እየጠለቀች። እኔ ብሆን አብጄ ነበር። የኦርቪል ጉሮሮ ውስጥ ቃሏ ተቀምጣለች፤ ትንሽ ናት፣ "አውሰኝ" ናት፣ ግን ከዚያ ብረት የበለጠ ከበደችው።

የቤቱ በር ተከፈተና ዶሪን ወረደች። እጇ በጋዜጣ ቀለም ጠቁሯል። ነጩን ድንጋይ ተሻግራ፣ ባሏን አልፋ፣ ወንድሟ ፊት ቆመች።

"የምን ጠዋት ነው? ምንድን ነው የሰማው?"

"ዶሪን፣ ደንቡ..."

"አንተም እጅህን አንሥተሃል?"

"ሁሉም አነሣ።"

"ሁሉም ወንድሜ አይደለም።" ድምፅዋን አላነሣችም፤ ማዶ ያሉት ግን ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። "ያንተ ቤት ስንት ዓመቱ ነው፣ ላይል?"

ላይል ጋዜጣውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። "ዘጠኝ።"

ሌላ አልጠየቀችውም። አልፋው ሄደች፣ የቀዩን ቱቦ ከመጠምጠሚያው ፈታች፣ እየጎተተችም ወደ ቤቷ ጎማ ሄደች። ቱቦው አልደረሰም፤ ክንድ ታህል ጎደለ። ጎተተች፤ አልመጣም። ሁለት እጇን አድርጋ ጎተተች። ያን ጊዜ ላይል ተነሣ። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ ማታ የኮሚቴው እራት አለ። ቀዩን ኮምፕሬሰር በሁለት እጁ ገፍቶ እስከ ነጩ ድንጋይ አመጣው፣ አንዱን ድንጋይ በእግሩ ገለበጠ፣ አሳለፈው። ከዚያም ማንንም ሳያይ በጀርባው ጠጠሩ ላይ ተኛና ከቤቱ ሥር ገባ። "መለኪያውን ያዝ" የሚል ድምፅ ከሥር መጣ።

ኦርቪል መለኪያውን ያዘ።

"ስንት?"

"ሃምሳ አምስት።"

"አሁንስ?"

"ሰባ።"

"ቱቦው ያፈሳል?"

"አያፈስም። ሰማንያ።"

"አሁን?"

"ዘጠና አምስት። በቃ።"

"ወዲያኛው ጎን" አለ ላይል፤ ኦርቪልም ቱቦውን ተከትሎ ዞረ። በዚያ መንደር አብረው በከረሙበት ዘመን ሁሉ ይህን ያህል ተነጋግረው አያውቁም። ግዌን በጎልፍ ጋሪዋ መጥታ ቆመች፣ ሰዓቷን አየች፣ ከቤቱ ሥር የወጡትን የኮሚቴ አባሏን እግሮች አየች፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ላይል ሲወጣ ሸሚዙ ከኋላ ጥቁር፣ ከፊት የቅባት ካርታ ሆኖ ነበር። ጠጠሩን ከክርኑ አራገፈ። ዶሪን ቱቦውን እየጠመጠመች ወሰደችና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችለት። አላቀፈችውም። "እራት እንዳታመልጥህ" ብቻ ነው ያለችው።

ኦርቪል መሪው ላይ ወጥቶ አስነሣ። ሞተሩ ሳለ፣ ጥቁር ጢስ ተፋ፣ ተነሣ። ቤቱ ከቆመበት ሲነቃነቅ ውስጡ ያለ ነገር ሁሉ ተንኳኳ፤ ሁለት ክረምት የተኛባቸው ጎማዎች ጠጠሩ ውስጥ ስድስት ጉድጓድ ትተው ወጡ። ጎታቹ ሹፌር ሳንድዊቹን እንደያዘ መኪናውን ወደ ጥግ ሳበላቸው። ማዶ ያሉት ተነሥተው ወንበራቸውን እያጠፉ ነው፤ ሜርል እንደ ተሸነፈ ሰው ቢራውን ጠጠር ላይ ደፋ። ላይል ጉድጓዶቹ አጠገብ እጁን አንጠልጥሎ ቆሟል። ኦርቪል ከእሱ ትይዩ ሲደርስ ፍሬኑን ያዘ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ አንገቱን አውጥቶም "አመሰግናለሁ፣ ላይል" አለ፤ ላይልም አገጩን ዝቅ አደረገለት። ከዚያ ወደ አፓቼ ጀንክሽን ነዱ፤ ቢሮው ሳይዘጋ ደረሱ።

ይኸው ነው። ያላመነ ሜሳ ሄዶ ይጠይቅ፤ ፕላስቲኩ ሣር ላይ የተፈገፈገው መሥመር እስከ ዛሬ አለ። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ኪስ ጨምሬአለሁ፤ እውነቱን ከሆነ፣ ኦርቪል መስኮቱን አልከፈተም።